የመምሬ ይመር ጡረታና የዘለልሁት ገጽ

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ ከተናዘዝሁ ቆይቻለሁ፤ የተሰጠኝንም ቀኖና ፈጽሜአለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ሥርየት ፈልጌ አይደለም። በየደብሩ ጉባኤ ተቀምጣችሁ በሌላ ሰው እርጅና ላይ የምትወስኑ ሁሉ፣ እኔ ያደረግሁትን ሰምታችሁ እንድትጠነቀቁ ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ማን እንደ ነበርሁ አስቀድሜ ልናገር። ትውልዴ ቦረና ነው። ዜማ ተምሬ፣ ቅኔ ተቀኝቼ፣ መሪጌታ ተብዬ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ደብር እስከ ዛሬ አገለግላለሁ። በጎልማሳነቴ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ተቀጥሬ አማርኛ ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምሬአለሁ። ዕድሜዬ ሲደርስ በጡረታ ተሰናበትሁ፤ አበሌም በየወሩ ባንክ ይገባልኛል። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ሳይመጣ የቀረበት ወር የለም። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ከደብራችን ካህናት የሚበዙት ዜማ ያጠኑት በእኔ ፊት ተቀምጠው ነው። ስለዚህ በሰበካ ጉባኤያችን እኔ ስናገር ሰው ይሰማል፤ እኔ ከተናገርሁ በኋላ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነበር። ይህ ለእኔ ክብር ይመስለኝ ነበር።

መምሬ ይመር ከእነዚያ ተማሪዎቼ አንዱ ናቸው። በአሥራ አምስት ዓመት ያህል እበልጣቸዋለሁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመቅደስ ያልወጡ፣ ድምፃቸው ያማረ፣ ቀልድ የማያጡ ካህን ናቸው። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ዓይናቸው ደከመ። ሐኪሙም የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ ነገራቸው። አንድ እሑድ ጽዋውን ይዘው ሲወጡ ተደናቀፉ፤ አጠገባቸው የቆመው ቄስ ባይደግፋቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራል። ከዚያ ወዲያ ራሳቸው በቃኝ አሉ። «ቅዳሴውን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ የመቅደሱን ደረጃ ግን በቃል አይወጡትም» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። ደብሩም ዕድሜያቸው ስለ ሞላ የስንብት ደብዳቤ ጻፈላቸው።

መሬታቸውን ቀደም ብለው ለወንዶች ልጆቻቸው አካፍለው ነበር፤ ልጆቹም ለየራሳቸው ጎጆ አይበቁም። ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ቤቱን የያዘችው ሴት ልጃቸው ይታይሽ ናት፤ ሪያድ በሰው ቤት ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የእናቷ መድኃኒት፣ የቤቱ ዘይትና ጨው፣ ሁሉም ከእሷ ነው። በዚያ ሰሞን ኮንትራቷ እያለቀ ነበር። አሠሪዋ፣ ማዳም የምትላት ሴት፣ ሁለት ዓመት ትጨምር እንደሆነ ወይም ወደ አገሯ ትመለስ እንደሆነ መልስ ጠየቀቻት። አባቷም ጡረታቸው ከወጣ ነይ ሊሏት፣ ካልወጣ ግን ቆይ ሊሏት ተነጋግረው ነበር። መልሱን የምትሰጥበት ቀን መካነ ሰላም ካለው የጡረታ ቢሮ የተቀጠርንበት ያው ሰኞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በጡረታ ይታቀፍ የተባለው በእኛ ዘመን ነው። ደብራችንም ዘግየት ብሎ ገባበት። የወር አበል የሚያስገኘው መዋጮ የተከፈለበት አሥር ዓመት አገልግሎት ነው፤ የመምሬ ይመር ግን ዓመት ከሁለት ወር ጎደለ። አርባ ዓመት ከቀደሱ በኋላ ማለቴ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተስፋ ነበር። የጡረታው ጉዳይ በጉባኤያችን መጀመሪያ የተነሣው መዋጮው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀድሞ መሆኑን ሁላችንም እናስታውስ ነበር። ያን ጊዜ ጉባኤው ተስማምቶ መዋጮው ብቻ ዘግይቶ ከሆነ፣ ውዝፉን ደብሩ ከፍሎ ዘመኑ ይያዝላቸው ዘንድ ልንጠይቅ እንችላለን ተባለ። ካህናቱ ተስማምተን ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «እንዴታ፣ ተስማምተናል» ያልሁ እኔ ነኝ። እውነት መስሎኝ ነበር። የደብሩ ጸሐፊም ከማኅደሩ የቃለ ጉባኤውን ቅጅ አውጥቶ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ። መምሬ ይመር ማንበብ ስለማይችሉ አብሬአቸው የምሄደው እኔ ነበርሁ።

ጠዋት በሚኒባስ ተሳፈርን። መምሬ ይመር አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፤ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው መንገዱን ሁሉ ስለ ይታይሽ አወሩኝ። ስትመለስ ከመንገዱ ዳር ሱቅ ትከፍታለች፤ ለእሷ የታሰበ ሰውም አለ፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ስለሆነ ከእንግዲህ መዘግየት የለባትም። እናቷም ሳይሞቱ ሊያዩአት ይፈልጋሉ። ከፊታችን የተቀመጠ አንድ ነጋዴ ዘወር ብሎ፣ «መምሬ፣ ጡረታ ሲወጡ ድግሱ መቼ ነው?» አላቸው። እርሳቸውም፣ «እኔ ስደግስ ኖሬ አላውቅም፤ ሌላው የደገሰውን ስባርክ ነው የኖርሁ። አሁንም አንተ ደግስ፣ እኔ እባርካለሁ» አሉት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቢሮው ስንደርስ ጉዳዩን የምታየው ሠራተኛ ስብሰባ ገብታ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ተመለሱ ተባልን። ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ላይ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። መምሬ ይመርም፣ «የኔታ፣ እስኪ ወረቀቱን ያንብቡልኝ፤ ምን እንደሚል አውቄ ልግባ» አሉኝ።

ፖስታውን ከፈትሁ። የመጀመሪያው የስንብት ደብዳቤያቸው ነው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ሁለተኛው የክህነታቸው ማስረጃ ነው፤ እሱንም አነበብሁት፤ የጳጳሱን ስም ስጠራ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤው ነበር። ለአንደበቴ ከመስጠቴ በፊት ዓይኔ ሮጦ አየው። እንዲህ ይላል፤ «አጀንዳ ሁለት፣ የአገልጋዮችን ጡረታ በተመለከተ። መሪጌታ ጥበቡ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ የጡረታው ጉዳይ የሕንፃው ጣራ እስኪፈጸም ድረስ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

መሪጌታ ጥበቡ እኔ ነኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ሰው የሠራውን ይረሳል፤ የተናገረውን ደግሞ ይበልጥ ይረሳል። ያን ወረቀት ሳይ ግን ቀኑ እንዳለ ተመለሰልኝ። ሰኔ መግቢያ ነበር። የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቆሞ ጣራው አልተመታም፤ ክረምቱ ሳይገባ እንዲከደን ሁላችንም ተጨንቀናል። በጡረታው ብንገባ ደብሩ ለየአገልጋዩ የሚያዋጣው ድርሻ ከጣራው ላይ ሊነሣ ነው። አንድ ካህን እጃቸውን አንሥተው ተናገሩ። «አባቶቼ፣ ጣራውን በመጪው ዓመት እንመታዋለን፤ የእኛ ዕድሜ ግን አይጠብቀንም፤ ብንጀምረው» አሉ። እኒያ ካህን መምሬ ይመር ነበሩ።

ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ስለ ሰማይ ወፎች የተጻፈውን በግእዝ አነበነብሁ፤ ቀጥዬም በአማርኛ ተረጎምሁ። አይዘሩም፣ አያጭዱም፣ በጎተራም አያከማቹም፤ የሰማዩ አባታችሁ ግን ይመግባቸዋል አልሁ። አባቶቻችን ያለ ጡረታ አገልግለው ያለ ጡረታ አልፈዋል አልሁ። የመቅደሱ ጣራ ክፍት ሆኖ ስለ ራሳችን እርጅና ማሰብ ያሳፍራል አልሁ። ይህን ስናገር ያ ወር የገባልኝ የመንግሥት ጡረታ ባንክ ተቀምጦ ነበር።

ክርክሩንም በክርክር አልጨረስሁትም፤ በምርቃት ጨረስሁት። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ አሜን የማይል ሰው የለም፤ አሜን መከልከል ራስን ከበረከት ማውጣት ነው። እኔም ይህን ስለማውቅ እጄን ዘርግቼ፣ «በቤቱ ያገለገልነውን በቤቱ ያስረጀን፤ እርሱ ራሱ ይጡረን» አልሁ። አዳራሹ ሁሉ አሜን አለ። መምሬ ይመርም አሜን አሉ፤ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? ጸሐፊውም ያን አሜን «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈው። ሁለት ዓመት እንዲህ ባለ አሜን አለፈ።

እንግዲህ ያን ወረቀት ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያ ሰው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ። ገጹን ገለጥሁና የቀጠለውን፣ የመዋጮ መክፈያውን ዝርዝር የሚገልጸውን ደብዳቤ አነበብሁላቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስጨርስ፣ «ይኸው ነው» አልሁ።

«ቃለ ጉባኤውስ?» አሉኝ።

«እሱ ለቢሮው የሚሰጥ ነው፤ ማኅተም ብቻ ነው ያለበት» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ከስምንት ሰዓት በኋላ ተጠራን። ሠራተኛዋ ዘሃራ የምትባል ወጣት ናት፤ ሻሿን አስተካክላ ብድግ ብላ ተቀበለችን፤ ለመምሬ ይመርም ወንበሩን በእጇ አስጨበጠቻቸው። ስላስቆየችን ይቅርታ ጠየቀች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። እኔ እጇን ነበር የማየው። ቃለ ጉባኤው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ለራሷ በሹክሹክታ ማንበብ ጀመረች፤ ቀጥላም የሰው ጉዳይ መሆኑ ትዝ ሲላት መምሬ ይመር ይሰሙ ዘንድ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አልሁ።

ወደ መምሬ ይመር ዞረች። «አባ፣ ተስማምተናል የሚል ቃል ቢኖርበት ኖሮ፣ ወላሂ ለበላይ ጽፌ እሟገትልዎ ነበር። ይሄ ግን እንዲቆይ ተወስኗል ነው የሚለው። በገዛ ወረቀታችሁ እንዴት አደርጋለሁ?»

«ልጄ፣ እኔ መቅደስ ከገባሁ አርባ ዓመት አልፎኛል» አሉ መምሬ ይመር።

«አውቃለሁ አባ። እዚህ የሚቆጠረው የተዋጣበት ብቻ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ መቋሚያቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ «እዚያ ወረቀት ላይ የእኔ ፊርማ አለ?» ብለው ጠየቁ።

«አለ አባ፤ ሦስተኛው ላይ።»

«እንግዲያው የእኔም ነው» አሉ።

በየወሩ የሚገባ አበል እንደማይኖር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍሎ ጉዳያቸው እንደሚዘጋ ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። የሚፈርሙበትንም ቦታ ጣታቸውን ይዛ አሳየቻቸው። ስንወጣ እስከ በሩ ሸኝታን፣ «አብሽሩ አባ፣ አላህ ያውቃል» አለቻቸው። ለእኔ ሰላምታ ብቻ ሰጠችኝ። ያ ሰላምታዋ ከዘለፋ ይከብድ ነበር።

ወደ መናኸሪያው በእግር ሄድን። ክንዴን ይዘው ነው የሄዱት። ስመክር፣ ስተረጉም፣ ስመርቅ የኖርሁ ሰው፣ ያን አጭር መንገድ የሚሞላ አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም። ሚኒባሱ እስኪሞላ ውጭ ቆመን ሳለ ስልካቸው ጮኸ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ስልኩን ዘረጉልኝ፤ «አረንጓዴውን ይጫኑልኝ፤ ድምፁንም ከፍ ያድርጉት፤ ግርግር ነው» አሉኝ። አደረግሁት።

«አባዬ፣ እንዴት ሆነ?» አለች ይታይሽ።

እርሳቸው ግን አስቀድመው ጤንነቷን ጠየቁ። ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቁ። ሙቀቱ በርዶላት እንደሆነ ጠየቁ። እሷም መለሰችና፣ «አባዬ፣ ማዳም እዚሁ ቆማለች፤ ወረቀቱን ይዛለች» አለች።

«ፈርሚ» አሉ።



«ሁለት ዓመት ነው እኮ አባዬ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ጡረታው አልወጣም?»

«ወጥቷል። ትንሽ ሆነ እንጂ ወጥቷል። የእናትሽን መድኃኒት አይችልም። የኔታም አብረውኝ ናቸው፤ ብዙ ደከሙልኝ።»

እኒህ ካህን ሐሰት ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተናገሩትም እኔን ሸፍነው ነው። ልጅቱ፣ «የኔታን አመስግንልኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች። እኔም ስልኩን መልሼ እጃቸው ላይ አኖርሁት።

መኪናው ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ተናገሩኝ።

«የኔታ፣ የሄደው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው። ዛሬ ግቢው ውስጥ ሦስት ወረቀት አነበቡልኝ፤ አራት ወረቀት ሲገለጥ ግን ሰምቻለሁ።»

እርሳቸውም ቀጠሉ።

«ስለ ጣራው ያሉት፣ እንደ መሰለዎት ነው፤ ማንም ሊስት ይችላል። እኔም አሜን ብያለሁ። አግዳሚው ላይ የዘለሉት ግን ምን መስሎዎት ነው?»

ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍርሃት መልስ አይሆንም። ለአንድ ዕውር ሰው ማንበብ አደራ ነው፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ስለ አደራ ሳስተምር የኖርሁ ነኝ።

በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ፣ ከጡረታዬ እኩሌታውን በየወሩ እሰጥዎታለሁ አልኋቸው። ከልቤ ነበር። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበር። መምሬ ይመር አልተቆጡም፤ ይልቁንም ፈገግ አሉ። «የኔታ፣ በየወሩ ደጅዎ እንድቆም ነው? ጡረታ እኮ የሰው ደጅ ላለመቆም ነው» አሉኝ። አስቀድሜ ያልገባኝን ነገር በአንድ ቃል አስገነዘቡኝ። እኔ ለካ የከለከልኋቸው ገንዘብ ብቻ አልነበረም።

ቀጥሎ በነበረው ጉባኤ ተነሥቼ ያደረግሁትን ሁሉ፣ ምርቃቴንም የዘለልሁትንም ገጽ፣ በካህናቱ ፊት ተናገርሁ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ደፉ፤ አንድ ወጣት ቄስ ግን ቀና ብሎ፣ «የኔታ፣ ያን ዕለት እርስዎ ጡረታ ይቀበሉ ነበር?» አለኝ። «አዎን» አልሁ። «እኛ አናውቅም ነበር» አለ። እኔም አላወቁም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ፤ ነገር ግን ያውቁ የነበሩም ብዙዎች ናቸው፤ ሊናገሩኝ አልቻሉም እንጂ። ከዚያ ወዲህ በጉባኤ ቀድሜ አልናገርም፤ ነገሩ በእጅ ተቆጥሮ ሳይወሰንም ምርቃት አልሰጥም።

እንግዲህ እናንተ ወጣት ካህናትና አገልጋዮች፣ አንድ ነገር ልምከራችሁ፤ ከእኔ ምክር ለመቀበል ከፈቀዳችሁ። ሽማግሌ ሲመርቃችሁ አሜን በሉ፤ በረከት አይናቅም። አሜን ካላችሁ በኋላ ግን እጃችሁን አንሡና የእርጅናችሁን ነገር መልሳችሁ ጠይቁ። ከመዋጮ የምትቀር አንዲት ወር ትንሽ አትምሰላችሁ፤ ኋላ ስትፈልጓት በማንም ጸሎት አትመለስም። እናንተም ሽማግሌዎች፣ ስለ ሰማይ ወፎች ለድሃ ከመስበካችሁ በፊት የራሳችሁን ጎተራ ተመልከቱ። ያው መጽሐፍ በበጋ መኖዋን ስለምትሰበስብ ጉንዳንም ይናገራል፤ ታካቹንም ወደ እሷ ሂድ ይላል። እሱን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ለእኔ የሚመቸኝን ብቻ መረጥሁ።

ጣራው አምሮ ተመቷል። ከሩቅ ሲያዩት ፀሐይ ያርፍበታል፤ መንገደኛ ሁሉ ያደንቀዋል። መምሬ ይመር በበዓል ቀን ከግቢው ይቀመጣሉ፤ ስንዘምር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እጄን ስሰጣቸው ይጨብጡኛል፤ ከወትሮው ክብር አጉድለውብኝ አያውቁም። የሚያነብላቸው ሰው ሲያሻቸው ግን ሌላ ሰው ይጠራሉ።

ከቢሮው የተከፈላቸው ገንዘብ ዓመት ሳይሞላ በመድኃኒት አለቀ። ይታይሽ ያን ቀን የፈረመችው ሁለት ዓመትም ባለፈው ጥር ተፈጸመ። ሌላ ሁለት ዓመት ፈርማለች።